የ60 ደቂቃው ገደብ የቀነሰው 1 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው

«ስልክ አበዛሽ»፣ «ከዚህ ቲክቶክ ውጣ እንጂ» ያልተባለ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። ወሬው ሁሌም የሚያልቀው እኛው ላይ ነው። ሰነፎች ነን፣ ራሳችንን መግዛት አንችልም፣ ትውልዱ ተበላሽቷል... ዛሬ ግን ጥያቄውን ገልበጥ እናድርገው። መተግበሪያዎቹን የሚሠሩት ሰዎች ስለ እኛ ምን ያውቃሉ?

መልሱ በከፊል ፍርድ ቤት ገብቷል። በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) የ13 የአሜሪካ ግዛቶችና የዋሽንግተን ዲሲ ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ «መተግበሪያው ወጣቶችን ሱስ በሚያሲዝ መንገድ ነው የተሠራው» ብለው ቲክቶክን ከሰሱ። ኬንታኪ ግዛት ባቀረበችው ክስ ላይ ተሸፍነው መቅረት የነበረባቸው የኩባንያው የውስጥ መረጃዎች በትክክል ሳይሸፈኑ ቀሩ። የአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮም ዘገባቸው።

ከወጡት ነገሮች ሁለቱ እኛን በቀጥታ ይነኩናል።

አንደኛ፣ ኩባንያው አንድ ሰው መተግበሪያውን ልማድ የሚያደርገው ስንት ቪዲዮ ካየ በኋላ እንደሆነ ለክቶ ነበር። ቁጥሩ 260 ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? ቪዲዮው 8 ሰከንድ ከሆነ ግን 260 ቪዲዮ 35 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ቲክቶክ በመጋቢት 2023 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ሁሉ የ60 ደቂቃ የቀን ገደብ እንደሚያበጅ አስታውቆ ነበር። ወላጆችም ደስ አላቸው። በሰነዶቹ መሠረት ግን መሣሪያው ሲሞከር የወጣቶቹ አጠቃቀም በቀን ከ108.5 ደቂቃ ወደ 107 ደቂቃ ነው የወረደው። ልዩነቱ 1 ደቂቃ ተኩል ነው። ቲክቶክ በበኩሉ ክሱ ያረጁ ሰነዶችን ከአውዳቸው ነቅሎ ያቀረበ ነው ብሏል።

ገደቡ ለምን አልሠራም? ምክንያቱም ገደብ ሳይሆን ጥያቄ ስለነበረ ነው። 60 ደቂቃው ሲሞላ ስልኩ «መቀጠል ትፈልጋለህ?» ይላል፣ ልጁም ኮዱን አስገብቶ ይቀጥላል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ ቀጣዩ ቪዲዮ ጣት ሥር ሆኖ ይህን ጥያቄ በ«አይ» የሚመልስ ስንቱ ነው?

ታክሲ ውስጥ እንኳ መጨረሻ አለ። «መጨረሻ!» ሲባል የተኛውም ነቅቶ ይወርዳል። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፣ ዜናም ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። የእነዚህ መተግበሪያዎች ዋና ፈጠራ መጨረሻን ማጥፋት ነው። ወደ ታች ሲሳብ የማያልቀውን ገጽ በ2006 የሠራው አሜሪካዊው ዲዛይነር አዛ ራስኪን፣ በኋላ ላይ ራሱ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። «ወራጅ አለ» ብንልም የሚያቆም ሾፌር የሌለበት ታክሲ ነው የሠሩልን።

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ጋ ሳናውቀው አንድ ማቆሚያ ነበረን፤ እሱም ፓኬጅ ነው። ሜጋባይት ሲያልቅ ነገሩ ያልቃል፣ ስልኩን አስቀምጠን እንተኛለን። ያልተገደበ ፓኬጅና የሌሊት ጥቅል ሲመጡ ያ ማቆሚያ ላላ። ኢንተርኔት መርከሱ ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም ወደ ኋላ መመለስ አይፈልግም። ግን ርካሹ ዳታ የሌሊቱ ሲሆን፣ ዳታውን ለመጠቀም የሚከፈለው እንቅልፍ ነው። የቲክቶክ ላይቩንም ጨምሩበት። ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ከሥራ ወጥቶ ላይቭ ሲገባ፣ አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ሆኗል። እሱ በአመሻሹ የሚያየውን ባትል እኛ የምናየው ከነገ ትምህርታችንና ከነገ ሥራችን ቀንሰን ነው።

«ታዲያ ይዘጋ» የሚል አይጠፋም። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው አድርጋለች። ልብ በሉ፣ እዚያ ቅጣቱ የሚያርፈው ልጁ ላይ ወይም ወላጁ ላይ ሳይሆን ኩባንያው ላይ ነው፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል። የእኛ የመዝጋት ልምድ ከዚህ ይለያል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩትዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲታገዱ ምክንያቱ ፖለቲካ እንጂ የልጆች እንቅልፍ አልነበረም። ውጤቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቪፒኤን መጫን የማያውቅ ሰው ጠፋ። ሰው ራሱ ያልመረጠውን አጥር ይዘለዋል።

ስለዚህ የሚያዋጣው ራሳችን መርጠን የምንሠራው አጥር ነው። አጥሩ ደግሞ ከመተግበሪያው ውጭ መሆን አለበት፤ መሣሪያውን የሠራው አካል የሚያተርፈው እኛ ስንቆይ ነውና።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። «በቀን 9 ሰዓት ስልክ ላይ ነኝ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ያታልላል። የራይድ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ካርታ ላይ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ልብስ የምትሸጠዋ ልጅ እንጀራዋ እዚያ ነው፣ ተማሪው ፒዲኤፍ ያነባል። መጠየቅ ያለብን ፈልገን የከፈትነው የቱ ነው፣ ከፍተን የጠፋንበትስ የቱ ነው የሚለውን ነው። አንድሮይድ ላይ ዲጂታል ዌልቢንግ፣ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም የሚባለው ቦታ በየመተግበሪያው ለይቶ ያሳያችኋል። የጠፋንበትን ካገኘን በኋላ፦

• ስልኩ ከአልጋ ይራቅ። ቻርጀሩን ሌላ ክፍል ወይም በሩ አጠገብ ሰኩት። «አላርሜ ነው» የሚል ሰበብ ካለ፣ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።

• ኮዱን ሌላ ሰው ይያዘው። የሰዓት ገደብ ስታበጁ ፓስኮዱን እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ያስገባ፣ እናንተ አትወቁት። ያኔ ጥያቄው እውነተኛ ገደብ ይሆናል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እህትን ቀስቅሶ ኮድ መጠየቅ ቀላል አይደለም።

• ኖቲፊኬሽን ለሰው ብቻ ይፈቀድ። ስልክ ጥሪና መልእክት ይግባ። «እገሌ ላይቭ ገብቷል» የሚለው ይዘጋ። የቴሌግራም ግሩፖችም ድምፃቸው ይጥፋ።

• መተግበሪያውን አጥፍታችሁ ሲያስፈልግ ብቻ በብራውዘር ግቡ። ይንቀራፈፋል፣ ያሰለቻል። የምንፈልገውም እሱን ነው።

• በአንዴ ሁሉንም አትጀምሩ። አንዱን መርጣችሁ ለአንድ ሳምንት ያዙት፣ ከዚያ ቁጥሩን ከባለፈው ሳምንት ጋር አስተያዩ።

ይህ ሁሉ ኩባንያዎቹን ከተጠያቂነት አያወጣም። መንግሥትም ሆነ ወላጅ «ልጆቹ ናቸው» ከማለት በፊት «ይሄን ነገር እንዲህ አድርጎ የሠራው ማነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ግን የፍርድ ቤቱ ክርክር ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ የእኛ እንቅልፍ ግን የዛሬ ማታ ነው።

እኛም ብንሆን ገጻችን እንዲነበብ እንፈልጋለን። ቢሆንም ይህን ሌሊት ላይ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ቀጣዩ ፖስት ጠዋትም ይጠብቃችኋል። ወራጅ አለ በሉና ውረዱ። ደህና እደሩ።