ከዶሮ ጋር የሚሄደው ነጭ ሶስ

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በሚኖሩ ሐበሻ ባለትዳሮች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ የማዕድ ጉዳይ አለ። ባል በሥራ ቦታው የአሳማ ሥጋ መብላት ለምዷል፤ ሚስት ደግሞ “እንኳን ልበላው ሽታውም አይስማማኝ” ትላለች። ተገላቢጦሹም አይጠፋም። እኛ ወንጌላውያን በምግብ ነገር ማንንም በሕግ አናስርም፤ ሆድ ግን ከእናት ጓዳ የለመደውን በአንድ ጀንበር አይረሳም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ቅዳሜ ወደ ባርቤኪው ቤት ሲጎርፍ ሁለቱ ወይ ተለያይተው ይበላሉ፣ ወይ ደግሞ እንደ ወትሮው እርሷ ጓዳ ትገባለች። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

የደቡብ ባርቤኪው በብዙው የአሳማ ነው። ሶሶቹም ለእርሱ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል አቼቶና በርበሬ ያለበት ቀጭን ሶስ ያፈስሱበታል፤ በደቡብ ካሮላይና ሰናፍጭ የገባበት ቢጫ ሶስ አለ፤ በብዙ ሌላ ቦታ ደግሞ ከቲማቲም የተሠራው ቀዩ ይገኛል። በሰሜን አላባማ ያለው ነጩ ሶስ ግን ከመነሻው የዶሮ ሶስ ነው። ዛሬ ልናወራላችሁ የፈለግነውም ስለ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ባለበት ባርቤኪው ቤት ዶሮ የግድ ለሚሉ ሰዎች ብቻ ተብሎ በዝርዝሩ መጨረሻ የተጨመረ ምግብ አይደለም፤ ዋናው ነው።

ታሪኩ በቴነሲ ወንዝ ዳር ካለችው ከዲኬተር ከተማ ይጀምራል። ሮበርት ጊብሰን የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ከቁመቱና ከግዝፈቱ የተነሣ “ቢግ ቦብ” ይሉት ነበር። ቅዳሜና እሑድ በጓሮው ሥጋ በጭስ እያበሰለ ሰው ይጋብዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ነገሩ ወደ ንግድ ተለወጠ። ነጩን ሶስ የፈጠረው እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ቤቱ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ እጅ እየተላለፈ መቶ ዓመት ደፍኗል፤ አሁን ዋናው ቤት በዲኬተር ስድስተኛ ጎዳና ላይ ነው። የቤተሰቡ አማች የሆነው ክሪስ ሊሊ እ.ኤ.አ. በ2009 የቤቱን አሠራር በመጽሐፍ አውጥቶታል።

ሶሱ ማዮኔዝ፣ አቼቶ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ነው። ሎሚ የሚጨምርበት አለ፤ ሆርስራዲሽ የሚሉትን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሥር የሚያስገባም አለ፤ ትንሽ የሚያቃጥል በርበሬም አይጠላም። ማዮኔዝ በዶሮ ላይ ሲባል ፊታችሁን አታኮማትሩ። ዶሮ ብዙ ስብ የለውም፤ በሂኮሪ እንጨት ጭስ ሦስት ሰዓት ያህል ሲቆይ በተለይ ደረቱ፣ ያ በእኛ ቤት ፈረሰኛ ብለን ለአባወራ የምናወጣው ወገን፣ እንደ ቡሽ ይደርቃል። የማዮኔዙ ቅባት ይህን ያካክሳል፤ አቼቶው ደግሞ ቅባቱን ይቆርጠዋል። በዲኬተር ዶሮው ተሰንጥቆ ይበስልና ከእሳት ሲወጣ በትልቅ ዕቃ በተሞላ ነጭ ሶስ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ይወጣል። እሳት ላይ እያለ አይቀባም፤ ማዮኔዝ በኃይለኛ ሙቀት ቅባቱ ለብቻው ይለያያልና።

ደግሞስ ከዶሮ አጠገብ ነጭ ነገር ማየት ለእኛ አዲስ ነውን? ከዶሮ ወጥ ጎን ዓይብ ያላስቀመጠ ማን አለ? ልዩነቱ የእኛ ዓይብ የወጡን ማቃጠል የሚያበርድ ሲሆን የእነርሱ ነጭ ሶስ ግን ራሱ ምራቅ የሚያስመጣ ኮምጣጣ መሆኑ ነው። ሚስቶች ከባሎች ፈጥነው ይወዱታል የሚል ግምት አለኝ፤ ሎሚ የሚወድ ሰው አያሳፍረውም።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። በመጀመሪያ ሁለት ዲኬተር እንዳለ እወቁ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት በአትላንታ ጥግ ያለችው የጆርጂያዋ ናት፤ ይቺኛዋ የአላባማዋ ስትሆን ከዚያ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ትርቃለች። በመኪናችሁ መንገድ ጠቋሚ ላይ የግዛቱን ስም ካልጻፋችሁ ከሰፈራችሁ ሳትወጡ “ደርሰዋል” ይላችኋል። የአላባማ ሰዓትም ከጆርጂያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከናሽቪል ለሚነሡ ግን መንገዱ አጭር ነው፤ በ65 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ ይደርሳሉ።

ከዲኬተር ሌላ በሀንትስቪልና በአቴንስ አካባቢ ላውለርስ የሚባለው ባርቤኪው ቤት ነጩን ሶስ ያቀርባል። በበርሚንግሃም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ሚስ ማይራስ በነጭ ሶስ ዶሮው የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሶውስም አለው። ከአትላንታ በርሚንግሃም ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። በናሽቪል አካባቢ ማርቲንስ የሚባለው ቤት በጭስ የበሰለ የዶሮ ክንፍ ከአላባማ ነጭ ሶስ ጋር ይሸጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ፤ የቤተሰብ ባርቤኪው ቤቶች እሑድ የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ ሥጋው ካለቀም በጊዜ በራቸውን ይዘጋሉ። አላባማ ሁሉ ነጭ ሶስ ይበላል ብላችሁም አትገምቱ። ወደ ተስካሉሳ ብትወርዱ እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው ድሪምላንድ ስሙን ያገኘው በአሳማ ጎድንና በቀይ ሶስ ነው።

ስትጠይቁ “የአላባማ ነጭ ሶስ” ብላችሁ በሙሉ ስሙ ጥሩት። እንዲሁ “ነጭ ሶስ” ካላችሁ በጃፓን ምግብ ቤት ከሽሪምፕ ጋር የሚቀርበውን ጣፋጭ ሶስ ወይም በሰላጣ ላይ የሚፈስሰውን ራንች ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ትክክለኛው እንደ አጓት ባይቀጥንም እንደ ርጎ አይወፍርም፤ ከማንኪያ ይፈስሳል፤ የቁንዶ በርበሬው ነጠብጣብ ይታያል፤ ሲቀምሱት መጀመሪያ የሚመጣው ኮምጣጣው ነው። ወፍራምና ጣፋጭ ሆኖ ካገኛችሁት፣ በጠርሙሱ ላይ ምን ቢጻፍበት፣ ለእኔ እርሱ አይደለም።

ከአሳማ ለሚጠነቀቁ ደግሞ ይህን ልጨምር። ዶሮው ራሱ ችግር የለበትም፤ ወጥመዱ ያለው በጎን ምግቡ ላይ ነው። የደቡቡ ጎመን የእኛን ጎመን ቁርጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጭስ ከጠገበ የአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላል። ቦሎቄውም እንዲሁ። የጥቅል ጎመን ሰላጣና ድንች ይሻላሉ፤ ድንቹ ግን በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቁ። ዶሮውና አሳማው በአንድ ምድጃ ሊበስሉ እንደሚችሉም አስቡ። ይህ የሚከብዳት ሚስት ካለች ባል ሆይ፣ “ምን አለበት?” ብለህ አትለፈው፤ አስተናጋጁን አንተው ጠይቅላት። እንደዚያ ከሆነ አንተ የአሳማህን፣ እርሷ የዶሮዋን ይዛችሁ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ትችላላችሁ። ሳህኑን እንድትቀምስ መገፋፋት ግን አያስፈልግም፤ ለሽርሽር የወጣች ሴት ፈተና ላይ አትቀመጥ።

መንገዱ ለሚርቃችሁ፣ በአዲስ አበባ ላላችሁትም ጭምር፣ በቤት መሥራት ይቻላል። ሁለት ኩባያ ማዮኔዝ፣ አንድ ኩባያ አቼቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ አዋህዳችሁ በማቀዝቀዣ አሳድሩት። ዶሮውን በጨው አሽታችሁ በከሰል ዳር፣ ነበልባሉ በማይነካው በኩል ክደኑትና ቀስ ብሎ ይብሰል። ለጭሱ ሂኮሪ ባይገኝ የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ ያገለግላል፤ ባሕር ዛፍ ግን አይሆንም፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ለመንከሪያ የምትፈልጉትን ሶስ በሌላ ዕቃ ቀንሱ፤ ዶሮ የተነከረበት ወደ ማቀዝቀዣው አይመለስም። ያልተነካው በብርድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በማግስቱ በጥቅል ጎመን ላይ ቢያፈስሱት ሌላ ሰላጣ አያስፈልግም።