ስለ አውራንጋባድ ከተማና ስለ ቈርቋሪዋ ስለ ማሊክ አምበር

በእኛ ዘንድ ስለ ማሊክ አምበር ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው፣ ከኢትዮጵያ ምድር ተሽጦ የሄደው ብላቴና በህንድ አገር የጦር አለቃና የመንግሥት እንደራሴ መሆኑ፣ የሞጉሉን ንጉሠ ነገሥት የጃሃንጊርን ሠራዊትም ደጋግሞ ማሳፈሩ ነው። ትምክሕቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከሰይፉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የአስተዳደር ጥበቡ ስለ ሆነ፣ የዚህም ጥበብ ምስክር የሆነች ከተማ እስከ ዛሬ ቆማ ስለምትገኝ፣ ስለ እርሷ ጥቂት መናገር ይገባናል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1548 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ይህ ሰው፣ በሞካና በባግዳድ ገበያዎች ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በመጨረሻ በህንድ በዴካን ምድር ወደሚገኘው ወደ አሕመድናጋር መንግሥት ደረሰ። በ1600 የመንግሥቱ መናገሻ በሞጉሎች እጅ በወደቀች ጊዜ፣ የተበተነውን ሠራዊት ሰብስቦ፣ ከንጉሡ ዘር አንዱን በዙፋን አስቀምጦ፣ የመንግሥቱን ሥራ ራሱ ያዘ። በ1610ም ኻድኪ በምትባል መንደር ላይ፣ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን አዲስ ከተማ ቈረቈረ፤ በ1616 ሞጉሎች ገብተው ቢያቃጥሏትም እንደ ገና አቀናት።

የከተማይቱ ሕይወት የተመሠረተው በውሃ ላይ ነበር። በስተ ሰሜን ካሉት ኰረብታዎች ሥር የሚገኘውን የከርሰ ምድር ውሃ በቦይ እየሰበሰበ፣ በምድሩ ቍልቍለት ብቻ እያስኬደ፣ በሸክላ ቧንቧ ወደ ሕዝቡ ገንዳዎች የሚያደርሰው ናህረ አምበሪ የተባለው ሥራ፣ ከሠሪው ሞት በኋላ ለብዙ ትውልድ አገልግሏል። በገጠሩም ግብር የመሰብሰብን ሥልጣን ለኰንትራት ገዢዎች መሸጥን አስቀርቶ፣ መሬቱ እንደ ለምነቱ እንዲመደብ፣ ግብሩም በአዝመራው ልክ እንዲተመንና በየመንደሩ ሹም አማካይነት እንዲገባ አደረገ፤ የሒሳቡንም ሥራ ሃይማኖታቸው ከእርሱ ለተለየ ለብራህማን ጸሓፍት አደራ ሰጠ። ድኻው ገበሬ የሚከፍለውን አስቀድሞ ማወቁ ከርትዕ ሁሉ የበለጠ ርትዕ ነው።

በ1626 ማሊክ አምበር ሲያርፍ ልጁ ፋተህ ካን ከተማይቱን በራሱ ስም ፋተህናጋር አላት፤ በ1653 የዴካን እንደራሴ ሆኖ የመጣው የሞጉሉ ልዑል አውራንግዜብ አውራንጋባድ ብሎ ሰየማት፤ በ2023 ደግሞ የማሃራሽትራ መንግሥት፣ አውራንግዜብ ባስገደለው በማራታው ንጉሥ በሳምባጂ ስም ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር አሰኛት። የዚህ የሳምባጂ አያት ሻሃጂ በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ላይ ከማሊክ አምበር ጋር ከተሰለፉት መኳንንት አንዱ እንደ ነበረ ያስታወሰ ሰው፣ የከተማይቱ ታሪክ ለአንድ ወገን ብቻ ተከፍሎ የማይሰጥ መሆኑን ያስተውላል።

በ1763 የዴካኑ ገዢ መናገሻውን ወደ ሃይደራባድ ባዛወረ ጊዜ ከተማይቱ ክብሯ ቀነሰ። የግብር ኰንትራቱም ክፉ ልማድ ተመልሶ ስለ ነበር፣ በ1860ዎቹ ዓመታት የሃይደራባዱ ሚኒስትር ሳላር ጁንግ ግዛቱን በአውራጃ ከፋፍሎ፣ ደመወዝተኛ ሹማምንትን አቁሞ፣ ማሊክ አምበር አስቀድሞ ያቀናውን መንገድ ዳግም ማቅናት ግድ ሆነበት። ከተማይቱ በ1948 ከሃይደራባድ ግዛት ጋር ወደ ህንድ ተጠቃልላ፣ በ1960 የማሃራሽትራ ክፍል ሆና፣ ዛሬ የአውራጃዋ ዋና ከተማ ናት። የመሬት ግብሩንና የአውራጃውን ጸጥታ ኮሌክተር የሚባለው ሹም ሲመራ፣ ውሃውንና ጽዳቱን በ1982 የተቋቋመው ማዘጋጃ ቤት ይይዛል። ይሁን እንጂ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝቧ፣ ከጎዳቫሪ ወንዝ ግድብ በሞተር ተገፍቶ የሚመጣውን ውሃ ለማግኘት ቀናት ይጠብቃል፤ የጥንቱም ቦይ በደለልና በላዩ በተሠሩ ቤቶች ተጐድቷል። ሦስት ጊዜ ስሟ የተለወጠው ከተማ የውሃዋ ጭንቅ በስም ለውጥ አልተፈታላትም።

እኛም ማሊክ አምበርን የእኛ ነው ስንል፣ አስቀድመን ብላቴናውን ለገበያ ያወጣውን የባርነት ንግድ በኀዘን ማሰብ አለብን፤ ወገን ለባዕድ የሰጠውን ሰው ባዕድ ሲያከብረው አይቶ በክብሩ ብቻ መካፈል አይገባምና። ከዚህ በኋላ ሊቃውንቶቻችን የግብሩንና የውሃውን ሥርዐት አጥንተው ለተማሪዎች ያስተምሩ። ከተሞቻችንን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙ ሁሉም ከድኻው ደጃፍ የሚደርሰውን ውሃና ለገበሬው የሚገባውን ፍትሕ ከማናቸውም ሥራቸው ያስቀድሙ። የማሊክ አምበርን መታሰቢያ ከልብ የሚያከብር ይህን ያደርጋል።