ጮክ ብሎ ማንበብ

ሙዚቀኛ አይደለሁም። ኖታ የማነበውም እንደ ጀማሪ ተማሪ በጣቴ እየተከተልሁ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፍን ስለማንበብ ከብዙ ሐያስያን የበለጠ ያስተማረኝ አንድ የቼሎ ተጫዋች ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰውየው አነር ቤይልስማ ይባላል። በመጫወት፣ በማስተማርና በመመርመር ያሳለፈው ዕድሜ እኛን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችንም የሚመለከት ስለ መሰለኝ ዛሬ ስለ እርሱ ልጽፍ ወደድሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤይልስማ በ1934 በሆላንድ፣ በሄግ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሮያል ኮንሰርቫቶሪ ተማረ። በ1959 ሜክሲኮ ውስጥ በተካሄደው የፓብሎ ካሳልስ ውድድር አንደኛ ወጣ። ከ1962 እስከ 1968 ደግሞ የአምስተርዳሙ የኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ዋና ቼሊስት ሆኖ ሠራ። ለአንድ ቼሊስት ከዚህ የተሻለ ወንበር በአውሮፓ ብዙ አይገኝም። እርሱ ግን ወንበሩን ለቀቀ። ከዋሽንት ተጫዋቹ ከፍራንስ ብሩኸንና ከሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ ከጉስታቭ ሌዎንሃርት ጋር ሆኖ የጥንቱን ሙዚቃ በጥንቱ መሣሪያ ወደ መጫወት አዘነበለ። በብረት ክር ፈንታ ከእንስሳ አንጀት የተፈተለ ጅማት፣ በዘመናዊው ደጋን ፈንታ አጭሩና ቀለል ያለው የባሮክ ደጋን፣ መሬት ላይ በሚተከለው ዘንግ ፈንታ የራስ እግርና ጉልበት መደገፊያው ሆኑ።

ይህን የሙዚየም ፍቅር አድርጎ ያየው ሰው ብዙ ነበር። እኔ እንደ ገባኝ ግን የሰውየው ጥያቄ የመሣሪያ ሳይሆን የንባብ ጥያቄ ነበር፤ «ይህ ወረቀት ምን ይላል?» የሚል።

ወረቀቱ የዮሐን ሰባስትያን ባኽ ስድስቱ የቼሎ ስዊቶች ነው። ባኽ በ1720 ገደማ፣ በከተን ልዑል ቤት ሳለ እንደ ደረሳቸው ይታመናል። በገዛ እጁ የጻፈው ቅጂ ግን ጠፍቷል። ከዘመኑ ከተረፉልን ግልባጮች አንዱ የኦርጋን ተጫዋቹ የዮሐን ፔተር ኬልነር ነው፤ ሌላው፣ ይበልጥ የታወቀው፣ የባኽ ሁለተኛ ሚስት የአና ማግዳሌና ነው። አና ማግዳሌና በከተን ቤተ መንግሥት በዘፋኝነት ያገለገለች ሙዚቀኛ ነበረች። ስዊቶቹ በማተሚያ የወጡት ደራሲው ከሞተ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1820ዎቹ በፓሪስ ነው። ለብዙ ጊዜም የተማሪ መልመጃ እንጂ ለሕዝብ የሚቀርብ ሙዚቃ ተደርገው አልተቆጠሩም። በ1890 የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ካሳልስ ባርሴሎና ውስጥ ከአንድ የኖታ መደብር ያገኘው ያረጀ እትም ታሪካቸውን ለወጠው።

የክርክሩ መነሻ ከኖታዎቹ በላይ የሚሰመሩት ትንንሽ ቅስቶች ናቸው። በአንድ ቅስት ሥር ያሉ ድምፆች በአንድ የደጋን ጉዞ ይጫወታሉ። ደጋኑ ወደ ታች ሲሳብ ድምፁ በተፈጥሮው ይከብዳል፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይቀላል። የማሲንቆ ደጋን ሲሳብና ሲገፋ በቅርብ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እንግዲህ ቅስቱ በአንድ ኖታ ከተዛነፈ ክብደቱም ይዛነፋል፤ ዐረፍተ ነገሩም ሌላ ይናገራል።

የአና ማግዳሌና ቅስቶች ደግሞ እጅግ ያልተስተካከሉ ናቸው። አንድ ዓይነት ሐረግ በአንዱ ቦታ ሦስት ኖታ ታስሮ፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው ደግሞ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ሳይለይ ይገኛል። ስለዚህ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው አሳታሚዎችና አራሚዎች «የተቸኮለ እጅ ነው» እያሉ አስተካከሉት። ተመሳሳዩን ሐረግ ተመሳሳይ አደረጉት፤ የጎደለውን ሞሉት። ተማሪውም የእነርሱን ሥርዓት እየተጫወተ ባኽን የተጫወተ መሰለው።

ቤይልስማ «እስቲ እንደ ተጻፈ እናንብበው» አለ። በ1998 ባወጣው መጽሐፉ ርእስ ባኽን የሻምላ አስተማሪ ብሎ ጠራው፤ ደጋን የያዘ እጅና ሻምላ የያዘ እጅ በአንድ ቋንቋ ይናገራሉና። የመጽሐፉ ንኡስ ርእስ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ስዊቶች ጮክ ብሎ ማንበብ የሚል ነው። ስለ ኋለኞቹ ሦስትም ሌላ መጽሐፍ አስከትሏል። ስሕተት የሚባለው አለመስተካከል፣ ይላል ክርክሩ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲነገር ሁለት ዓይነት እንዲነገር የሚያደርግ የንግግር ጠባይ ሊሆን ይችላል። ተናጋሪ ሰው አንዱን ቃል ደጋግሞ በአንድ ቃና አይልምና።

ይህን ያለው ደግሞ ከጠረጴዛ ኋላ ብቻ ተቀምጦ አይደለም። ስድስቱን ስዊቶች በ1979 ቀረጻቸው፤ በ1992 እንደገና ቀረጻቸው። ለሁለተኛው ጊዜ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም የሚገኘውንና በቤልጅጋዊው ቼሊስት በሰርቬ ስም የሚጠራውን የ1701 የስትራዲቫሪ ቼሎ ተጠቀመ። ሁለቱን ቀረጻዎች አከታትሎ የሰማ ሰው አንድ አንባቢ አንዱን መጽሐፍ በዐሥራ ሦስት ዓመት ልዩነት ሲያነብ ይሰማል። መላ ምቱን በክንዱ ፈተነው ማለት ነው። ተመራማሪ ስሕተቱን የሚያገኘው ሌላ ተመራማሪ ሲጽፍበት ነው፤ ተጫዋች ተመራማሪ ግን እጁ እንቢ ሲለው ያኔውኑ ያውቃል።

የተቃዋሚዎቹን ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አድልዎ ይሆንብኛል፤ ማስረጃቸው ቀላል አይደለምና። ባኽ ለብቸኛ ቫዮሊን የጻፋቸው ስድስት ሥራዎች በ1720 በገዛ እጁ የተጻፉበት ቅጂ አለ። አና ማግዳሌና እነዚያንም ገልብጣቸዋለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ኖታዎቹን በጥንቃቄ እንደ ገለበጠች፣ ቅስቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ከቦታቸው እንደ ተንሸራተቱ ይታያል። እዚያ የተንሸራተተች እጅ እዚህ አልተንሸራተተችም ለማለት ምን ያደፋፍራል? ይህ ጥያቄ በፍቅር ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ቤይልስማም በእያንዳንዱ ቅስት ልክ ነበር ብዬ አልከራከርም።

የምከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አራሚው «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ ጀምሮ አስተካክሎ ይጫወታል። ቤይልስማ ተጫውቶ፣ ደግሞም ተጫውቶ፣ ከዚያ ይጠይቃል። የመጀመሪያው መንገድ አስቀድመን የምናውቀውን ብቻ ይመልስልናል። የሁለተኛው ያልጠበቅነውን ለመስማት ዕድል ይሰጠናል፤ ማረም ቢያስፈልግ እንኳ ምን እንዳረምን አውቀን እናርማለን።

እኛ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ የሚሰፈሩት ምልክቶች ላላወቀ ሰው ጭረትና ነጥብ ናቸው። ደቀ መዝሙሩ ዜማውን ከመሪጌታው አፍ ይቀበላል፤ ምልክቱ ያስታውሰዋል። የባኽ ስዊቶች ችግር የአፉ ሰንሰለት መበጠሱ ነው። እንዴት እንደሚጫወቱ ከሰማ ሰው የሰማ ሰው አልቀረም። መምህሩ በሌለበት የገልባጩ እጅ የመጨረሻው ምስክር ነው፤ ምስክርን ደግሞ ሳይሰሙ አያሰናብቱም።

ይህ ሁሉ ለእኔ የሌላ ሰው ክርክር ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ የላከልንን ደብዳቤዎች በኮምፒዩተር ለቅሜ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ላዘጋጅ ተነሣሁ። አባቴ ነጠላ ሰረዙን እንዳሻው የሚጥል፣ አራት ነጥብን የሚቆጥብ፣ አንዱን ቃል በሁለት ዓይነት ፊደል የሚጽፍ ሰው ነበር። እኔ ቋንቋ ዐዋቂው ሁሉንም አስተካከልሁት። ሥራዬን ጨርሼ ለታላቅ እኅቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ነገሩ የአባዬ ነው፤ አባዬ ግን እንዲህ አይናገርም» አለችኝ። ቆይቶ ገባኝ። እነዚያ ያላግባብ የወደቁ ሰረዞች ትንፋሹ ነበሩ። አባቴ የሚያርፈው ሰዋስው በሚያዘው ቦታ ሳይሆን ነገሩ በከበደው ቦታ ነበር። ወደ ደብዳቤዎቹ ልመለስ ስል ካርቶኑ በቤት መቀየር መካከል ጠፍቶ ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው የእኔ ንጹሕ ግልባጭ ብቻ ነው። አና ማግዳሌና በጥድፊያዋ መካከል እንኳ የባሏን ትንፋሽ ያተረፈች ከሆነ፣ እኔ በትጋቴ የአባቴን አጠፋሁ።

ቤይልስማ በሄግና በአምስተርዳም ኮንሰርቫቶሪዎች አስተምሯል፤ በ1982ም ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጋብዞታል። በዓለም የታወቀው ፒተር ዊስፕልዌይ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነው። በኋለኛው ዕድሜው ሕመም ደጋኑን ካስጣለው በኋላም ከዚያው ወረቀት አልተለየም። በሐምሌ 2019፣ በ85 ዓመቱ አምስተርዳም ውስጥ ዐረፈ። መጫወት፣ ማስተማርና መመርመር በእርሱ ዘንድ ሦስት ሥራዎች አልነበሩም፤ አንዱ ንባብ በእጅ፣ በአፍና በብዕር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ተጫዋቹ «ምሁር አይደለም»፣ ምሁሩ «እጅ የለውም» ተብለው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። የሚጎዳው መካከል ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ስለዚህ የድሮ ደብዳቤ፣ የብራና ጽሑፍ፣ የአያት ግጥም ወይም የሟች ወዳጅ ማስታወሻ ለኅትመት የምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከማረማችሁ በፊት እንደ ተጻፈ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማችሁ። ያረማችሁትንም በግርጌ ጻፉ። ካርቶኑን ደግሞ አትጣሉ።

ደኅና ሰንብቱ።