ሚዛኑም ዕቃውም በአንድ እጅ

ሰሞኑን በኮምቦልቻ ሻይ ቤቶች አንድ ምክር ሲደጋገም እንሰማለን። «ደመወዝተኛ ሹም ሰለቸን፤ ሀብታም ነጋዴ ይሾምልን፤ የጠገበ አይሰርቅም» ይባላል። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅላት ደስ ያላት፣ በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ፋብሪካዎቿ ሲዘረፉ ያየች ከተማ እንዲህ ብትመኝ አንፈርድባትም። ከመምህሮቻችንም አንዳንዶቹ ይህንኑ ሐሳብ በተማረ ቋንቋ አስጊጠው ሲደግፉት ሰምተናል። እኛ ግን አንቀበለውም።

የጠገበ አይሰርቅም ያለው ማነው? ጥጋብ ልክ አለው ወይ?

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአጤ ምኒልክ ዘመን የነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ቀረጥ ይሰበስባል፤ በገበያ የተጣላውን ይዳኛል፤ የውጭ አገር ሰውና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱም ነገሩን ይሰማል። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ይህን የአዲስ አበባ ሹመት ይዘው የአራዳን ገበያ በእጃቸው አስገቡ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በልጅ ኢያሱ ጊዜ ደግሞ (የኛው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፤ የደሴን አይጠየፍ አዳራሽ ያየ አባትየውን አይረሳም) ቢትወደድ ተብለው፣ ስሙ ባይኖራቸውም የጠቅላይ ሚኒስትርን ሥራ የሚሠሩ ሰው ነበሩ።

ብልህ ሰው መሆናቸውን አንክድም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ቀረጥ በዛብኝ ያለ አንድ ምስኪን ሲራራ ነጋዴ ለማን ይጮህ ነበር? ቀራጩ ነጋድራስ፣ ዳኛው ነጋድራስ፣ ከ1900 ዓ.ም. ወዲያ ከበላይ ያለው የንግድ ሚኒስትርም ያው ሰው! ለራሳቸውም ቢሆን መከታ አልሆናቸውም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ የቢትወደዱም ኃይል ብዙ አልቆየም። በጌታ ፊት የቆመ ሥልጣን ከጌታው ጋር ይወድቃልና። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግን፣ ራሳቸው በዚያው ሹመት የሠሩ ሆነው ሳለ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የየመንገዱ ኬላ ንግድን እንደሚያደክም ከመጻፍ ወደኋላ አላሉም። ኬላ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ ከተማችን የሚያድረውን የጭነት መኪና ሹፌር ይጠይቅ።

በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል የሚሸጠው ሰው ራሱ ደላላ፣ ራሱ ዳኛ ልሁን ቢል አርሶ አደሩ ስቆ ያልፈዋል። ለግመል ያልፈቀድነውን ለአገር ልንፈቅድ ነውን?

«ያ የድሮ ዘመን ነው፤ ዛሬ ሠርቶ የሚያሳይ ነጋዴ አለ» ለሚሉን ወደ ኮንጎ እንወስዳቸዋለን። ሞይስ ካቱምቢ በማዕድን ሥራ የበለጸገ፣ የቲ.ፒ. ማዜምቤ የእግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። ከ2007 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መዳብና ኮባልት የሚወጣባትን ካታንጋን ገዛ። መንገድ አሠራ፤ ያልተጣራ ማዕድን ከክፍለ ሀገሩ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ሕዝቡም ወደደው። ይህን መሸሸግ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን የማዕድን ሀብታም የማዕድን አገር ገዥ ሲሆን፣ የትኛው ትእዛዝ ለሕዝብ የትኛው ለኪስ እንደሆነ ሕዝቡ በምን ይለይ? ሰረቀ አላልንም። አለመስረቁን የምናውቅበት መንገድ የት አለ ነው ያልነው። ከፕሬዚዳንት ካቢላ ጋር በ2015 ሲለያይ ደግሞ ሀብቱ መያዣው ሆነ። በ2016 በአንድ ቤት ሽያጭ ሰበብ በሌለበት ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከዳኞቹ አንዷም ተገድጄ ነው ስትል ተሰማች። በ2019 ፍርዱ ተሽሮለት አገሩ ገባ፤ በ2023ቱ ምርጫ 18 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ሕግ ከኪስ በላይ ባልሆነበት አገር ሀብታሙም እንግዲህ ዋስትና የለውም።

እኛ ነጋዴ አይሾም አንልም። ሱቁን ዘግቶ፣ መዝገቡን ከፍቶ ይምጣ እንላለን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዝዞ ነበር። ከመካከላችን የአንድ ሹም መዝገብ ያየ ማን አለ? እጁን ያንሣ!

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ እንዲወስን የምናቀርበው ይህ ነው። በግቢያችን አዳራሽ ሊናገር የሚመጣ ማንኛውም እጩ፣ ነጋዴም ይሁን ደመወዝተኛ፣ ያለውን ቤት፣ መሬት፣ መኪናና የኩባንያ ድርሻ፣ ከመንግሥት ጋር የተዋዋለውንም ጭምር፣ ጽፎ ከአዳራሹ በር ላይ ይለጥፍ። ይህን እምቢ ላለ እጩ ቁልፉ ከኅብረቱ ጸሐፊ እጅ አይወጣም።