ውሳኔ የማይለውጥ ትንበያ

በማህፀን በር ካንሰር ምርምር አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ከአንድ ሆስፒታል መዝገብ ጥቂት ደርዘን ሕሙማን ይመረጣሉ፤ የቆየ ናሙናቸው ከመደርደሪያ ወጥቶ የዲኤንኤ ጥገና ፕሮቲን ይለካበታል፤ ከዚያም «ይህ ፕሮቲን የጨረር ሕክምናን ውጤት ይተነብያል» ተብሎ ይታተማል። ይህ ድምዳሜ ከማስረጃው በላይ የተለጠጠ ነው፤ ሊቆምም ይገባል።

መነሻ ሐሳቡ ጤናማ ነው። ጨረር የካንሰርን ሕዋስ በዋናነት የሚገድለው የዲኤንኤውን ሁለቱንም ገመዶች በመበጠስ ነው። ኩ70 እና ኩ80 የተባሉት ፕሮቲኖች የተበጠሰውን ጫፍ ይዘው እንዲገጠም ያደርጋሉ። ጥገናው የበረታበት እጢ ጨረርን ይቋቋማል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። የጥናቶቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የመጋጨቱ ምክንያት ከአለካኩ ይጀምራል።

ከናሙናው የተቆረጠ ስስ ሽፋን ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ይታከማል፤ ፕሮቲኑ ያለበት ኒውክሊየስ ቡናማ ይሆናል። ፓቶሎጂስቱ ምን ያህሉ እንደቀለመና ቀለሙ ምን ያህል እንደደመቀ በዓይኑ መዝኖ ነጥብ ይሰጣል። «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚለየው ድንበር ብዙ ጊዜ የሚሰመረው ማን እንደዳነ ከታወቀ በኋላ፣ ልዩነቱ ጎልቶ በሚወጣበት ቦታ ነው። ይህ መልሱን አይቶ ጥያቄ ማውጣት ነው።

አንቲቦዲውም ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በ2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የሳንባ ካንሰር ጥናት፣ ኢአርሲሲ1 ለተባለው የጥገና ፕሮቲን ገበያ ላይ ያሉ 16 አንቲቦዲዎችን ፈትሿል። ከፕሮቲኑ ቅርጾች መካከል ጥገናውን የሚያከናውነውን ነጥሎ የሚያሳይ አንድም አልተገኘም። ደግሞም ፕሮቲን መኖሩ ሥራ ላይ መሆኑን አያረጋግጥም። ራድ51 የተባለው ሌላ የጥገና ፕሮቲን በተበጠሰው ቦታ ላይ የሚከማቸው ጉዳት ሲደርስ ነው፤ ከሕክምና በፊት የተወሰደ ናሙና ለጨረር የሚሰጠውን ምላሽ አያሳይም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውሳኔው ጉዳይ ነው። እጢዋ ከማህፀን በር አልፎ ወደ ዙሪያው የተስፋፋባት ሴት መደበኛ ሕክምናዋ የውጭ ጨረር፣ በየሳምንቱ የሚሰጥ ሲስፕላቲን የተባለ ኬሞቴራፒና ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር (ብሬኪቴራፒ) ነው። ምርመራው «ጨረር አይሠራላትም» ቢል ሐኪሟ ምን ያደርጋል? በዚያ ደረጃ በጨረር ፈንታ የሚያድናት ቀዶ ሕክምና የለም፤ ኬሞቴራፒም ብቻውን አይተካውም። ያው ጨረሩን ታገኛለች። ሁሉም ታካሚዎች ጨረር በወሰዱበት ጥናት ደግሞ ፕሮቲኑ የጨረሩን ውጤት ይንገረን ወይስ የበሽታውን ክፋት ብቻ፣ መለየት አይቻልም።

ምርመራው ጥገናን የሚያግዱ መድኃኒቶች ለማን እንደሚጠቅሙ ለመለየት ይረዳል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ተገቢ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ምርመራው ከመድኃኒቱ ሙከራ ጋር አብሮ ይነደፍ እንጂ በኋላ ከአሮጌ መዝገብ አይለቀም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንጠቀምበት። የእጢው መጠን፣ የደም ማነስ፣ ብሬኪቴራፒ መሰጠት አለመሰጠቱ፣ ሕክምናው በ8 ሳምንት ውስጥ መጠናቀቁ ውጤቱን እንደሚወስኑ ይታወቃል። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ከሴቶች ካንሰር ሁለተኛውን ስፍራ ይዟል። አገሪቱ በሙሉ ለረጅም ዓመታት ጨረር የምታገኘው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋ ስትጠብቅ በሽታው ደረጃ ለጨመረባት ሴት የኩ80 መጠን ምን ይፈይድላታል?

ስለዚህ «ይተነብያል» የሚል ተመራማሪ ሦስት ነገር ያሟላ። ድንበሩን ውጤቱን ከማየቱ በፊት ያስመዝግብ። ግኝቱን በሌላ ሆስፒታል ሕሙማን ላይ ይድገም። ምርመራው የትኛውን የሕክምና ውሳኔ እንደሚለውጥ በግልጽ ይጻፍ። የሕክምና መጽሔቶችም ይህን ያላሟላውን ጽሑፍ «ትንበያ» በሚል ርዕስ አያውጡ።