እጇን የምታጥበው ንግሥት



ልጄ ለትምህርት ቤት የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ስታነብ አብሬያት አነበብኩ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የተረጎሙት ተውኔት ነው።

ማክቤዝ የስኮትላንድ ጀግና የጦር አዛዥ ነው። ሦስት ጠንቋዮች «ትነግሣለህ» አሉት። ሚስቱም ገፋፋችው። ቤቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ ደንከንን በተኛበት ገደለው። ዘውዱን አገኘ፤ እንቅልፉን ግን አጣ። ዙፋኑን ላለማጣት ወዳጁን ባንኮን አስገደለ። ሚስቱ ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች፣ የሌለ ደም ለማስለቀቅ እጇን ታሽ ነበር።

«እማዬ፣ እጇ ንጹሕ አይደል? ለምን ታጥበዋለች?» አለችኝ ልጄ።

መልስ አጣሁ። አምና ለማኅበራችን ሊቀ መንበርነት ስወዳደር፣ በተፎካካሪዬ ላይ የተወራው ወሬ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ተመረጥኩ። እሷም ከማኅበሩ ቀረች።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ማክቤዝን ግን ጸጸቱ የያዘው ገና ሳይሻር ነው። እኔንም እንዲሁ።

«የቆሸሸው እጇ አይደለም፣ ልቧ ነው» አልኳት። ከዚያ ስልኬን አነሣሁና ወደዚያች ሴት ደወልኩ።