ማሳሰቢያ፦ ማርሽ አልገባ ሲል ልጁን ከመኪና ሥር አታስገቡት

ባለፈው ሐምሌ ጉንደ ወይን ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጭነት የያዘ አሮጌ አይሱዙ ዳገት ላይ ቆሞ ማርሽ አልገባ ብሎታል። ሞተሩ ይሠራል። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ካቢና ውስጥ ተቀምጧል። ከመኪናው ሥር ጭቃ የለበሱ ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ የረዳቱ ናቸው። «አስገባው!» ይላል ሹፌሩ። ልጁ ከሥር የካምቢዮውን ክንድ በእጁ ይገፋል። «ገባ ጋሼ!» ብሎ ሳይጨርስ ሹፌሩ እግሩን ከፍሬን አነሳ፤ ማርሹም ወዲያው ተመልሶ ወጣ። መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቆመ። ልጁ ደህና ወጣ። የጃኬቱ ጫፍ ግን የፊት ጎማው ሥር ቀርቶ ነበርና ጎትተን አወጣንለት።

ይህን የምጽፈው ያ ስንዝር ከዓይኔ አልጠፋ ስላለ ነው። በእኛ መስመር፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ ማርሽ አልገባ ሲል ረዳትን ከሥር ማስገባት እንደ ሙያ ተቆጥሯል። ሙያ አይደለም፤ የሰው ልጅን በማርሽ ገመድ ቦታ መተካት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ቦታ ነው። እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ መኪኖች ሹፌሩ ሞተሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ካቢናውም ወደ ፊት ይገለበጣል። ስለዚህ የማርሹ ዱላ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በሁለት ገመዶች ነው፤ አንዱ መስመሩን ይመርጣል፣ ሌላው ማርሹን ያስገባል። ገመዱ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ሲቀደድ የክረምቱ ውኃና ጭቃ ይገባል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ አቧራው ከዝገቱ ጋር ይጋገራል። ዱላው በአንድ ቀን አይደርቅም። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ይከብዳል፣ ቀጥሎ የኋላ ማርሽ ያስቸግራል። ሹፌሩ «ብርድ ነው» ይላል። ብርድ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍታ ማፍሰስ ነው። ለአንድ ቀን ይለሰልሳል፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ሞረድ ይሆናል፣ ሽቦውን ይበላዋል። ዝጎ የያዘ ገመድ አይታከምም፤ ይቀየራል። የባሰው ደግሞ ዱላውን በጉልበት መምታት ነው። ገመዱ ባይበጠስ እንኳ ጫፉ ላይ ያለው ቡሽ ይወልቃል፤ ያኔ ዱላው አንድ ነገር ይናገራል፣ ካምቢዮው ሌላ ነገር ይሠራል። ቡሽ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ 2.9 ሚሊዮን አውቶማቲክ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚህችው የማርሽ ገመድ ቡሽ የተነሳ ነበር፤ ቡሹ ሲወልቅ ሹፌሩ ማቆሚያው ላይ አድርጌዋለሁ ብሎ የወረደበት መኪና ሊንከባለል ይችላል።

ከጉንደ ወይን ተነስቶ በደብረ ወርቅና በቢቸና አልፎ ደጀን ለሚደርስ ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን ጫፍ እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ 300 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ነው። ያንን ቁልቁለት መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ያለ ሞተር ነው። ገመዱ መሀል ላይ ከያዘና ማርሹ ዜሮ ላይ ከቀረ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተር አጥፍተው በዜሮ የሚወርዱም አሉ፤ እነሱ የፍሬኑንም የመሪውንም እርዳታ አብረው ነው የሚያጠፉት። ስለዚህ ዱላው የከበደበት መኪና ደጀን ላይ ይቁም። ተሳፋሪም ሹፌሩ ከዱላው ጋር ሲታገል ካየ «አውርደኝ» ማለት መብቱ ነው፤ ማንም አይፈርበት።

ገመዱ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሽ በደንብ እየገባ ሲነሳ ብቻ እምቢ ካለ ችግሩ ፍሪሲዮን ጋ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ ገመዱን ከካምቢዮው በኩል ፈትቶ ዱላውን ማንቀሳቀስ ነው። አሁንም ከከበደ ገመዱ ነው፤ ከቀለለ ግን ካምቢዮው ራሱ ይታይ። ለመግዛት ስትሄዱ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ቢሆን፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱና ጫፉ እኩል ካልሆነ አይሠራም። ሁለቱንም ገመዶች አንድ ላይ ቀይሩ። ሲታሰር በድሮው መንገዱ ይሂድ፣ አይጠማዘዝ፣ ከማርሚታ ይራቅ። በሽቦ አትሰሩት። ቦሎ ወስጃለሁ ማለትም አይበቃም፤ ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ክረምቱ ግን በሦስት ወር ሥራውን ይሠራል።

ገመዱ ከተፈታ በኋላ መኪናው በማርሽ ተይዟል ብሎ ማመን አይቻልም። ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ። ታኮ ከሌለ ትልቅ ድንጋይ ይሁን፤ በእጅ የሚነሳ ጠጠር አይሁን።

አንተ ደግሞ ረዳት ወንድሜ፣ ሥራህን እንዳታጣ ፈርተህ እንደምትገባ አውቃለሁ። ሞተሩ እየሠራ «ግባ» ካለህ «ጋሼ፣ አጥፋና ቁልፉን ስጠኝ» በለው። ቁልፉን ኪስህ ክተተው፣ ድንጋዩን ራስህ አስደግፍ፣ ከዚያ ግባ።